ምክንያቱ የማይታይ ፍርሃት፦ ያረጀ ውሻ መደናገርና የማይናገር ፍጡር ሥቃይ

ዕድሜው የገፋ ውሻ ለዓመታት በሰላም ከተኛበት ጥግ በድንገት እየተንቀጠቀጠ ሊነሣ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ሊያጉረመርም፣ የገዛ ጌታውን እንደ ባዕድ አይቶ ጭራውን ወሽቆ ሊሸሽ ይችላል። ቀን ሲያንቀላፋ ይውልና ሌሊቱን ከክፍል ክፍል ሲዞር ያድራል። በር ፊት ቆሞ በመክፈቻው ሳይሆን በማጠፊያው በኩል እንዲከፈትለት ይጠብቃል፤ ከወንበር ጀርባ ይገባና መውጫው ይጠፋዋል። ይህን የሚያይ ሰው ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል። አንደኛው የሕክምና ጥያቄ ነው፦ በውሻው አካል ውስጥ ምን ተበላሸ? ሁለተኛው ወደ ፍልስፍናና ወደ ሃይማኖት ይገባል፦ ፍርሃቱን መናገር የማይችል፣ የሚፈራውም ነገር በሌላ ዓይን የማይታይ ፍጡር በእርግጥ ይፈራል ሊባል ይቻላል ወይ? ከተባለስ ሰው ለዚያ ፍርሃት ምን ዕዳ አለበት? ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው፤ የመጀመሪያውን የዘለለ ሰው ሁለተኛውን በግምት ብቻ ይመልሳል።

አካል የሚናገረው

በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሳምንት የመጣ ለውጥ በቅድሚያ የሚያስጠረጥረው የአካል ሕመምን ነው። ውሻ ሕመሙን ብዙ ጊዜ ደብቆ ይይዛል። ጥርሱ የመገለ ወይም የዳሌው መገጣጠሚያ የተቆጣ ውሻ ላያለቅስ ይችላል፤ ነገር ግን ደረጃ መውጣት ይፈራል፣ ልጆች ሲጠጉት ያጉረመርማል፣ ሲዳሰስ ይናከሳል። መስማት የተሳነው ኮቴ ስለማይደርሰው ከኋላው ሲነኩት ይደነግጣል። ዓይኑን ሞራ የጋረደው ደግሞ ሲመሽ የገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆንበታል። ከፍተኛ የደም ግፊት የዓይንን የውስጥ ሽፋን አላቆ ውሻውን በአጭር ጊዜ ሊያሳውረው ይችላል። ኩላሊት ወይም ጉበት ሲደክም በደም ውስጥ የሚቀረው ቆሻሻ አእምሮን ያደነዝዛል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ንጹሕ የነበረውን ውሻ ቤት ውስጥ እንዲሸና ያደርገዋል። የአንጎል ዕጢና የሚጥል በሽታም ድንገተኛ ድንጋጤና መደናገር ያመጣሉ።

በሽማግሌ ውሾች ላይ የሚታወቅ ሌላም ድንገተኛ ነገር አለ፤ እሱም በውስጥ ጆሮ በኩል ያለው የሚዛን መጠበቂያ መታወክ ነው። ውሻው ራሱን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ይንገዳገዳል፣ ዓይኖቹ ወዲያና ወዲህ ይርገበገባሉ። ባለቤቱ ሞት የመጣ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ መነሻው የማይታወቀው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሻል ይጀምርና በሁለትና በሦስት ሳምንት ይለቃል።

እነዚህ ሁሉ ተመርምረው ካልተገኙ፣ ሐኪሙ በሰው ላይ ከሚታየው አልዛይመር ጋር ወደሚመሳሰለው የእርጅና የመርሳት በሽታ ያመራል። በዚህ በሽታ በውሻው አንጎል ውስጥ ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ይከማቻል፤ ይኸው ፕሮቲን በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት ውሾችን በአራት ዘርፎች መዝኖ ነበር፦ አቅጣጫን በማወቅ፣ ከቤተሰብ ጋር በመግባባት፣ በእንቅልፍና በንጽሕና ልማድ። ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው 68 በመቶው ቢያንስ በአንዱ ዘርፍ ጉድለት ታይቶባቸዋል። በሽታው ራሱ የሚመጣው ቀስ እያለ ነው። በድንገት የመጣ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ውሻው የለመደው ነገር ሲቀየር፣ ቤት ሲለቀቅ ወይም ዕቃ ሲዘዋወር፣ እስከዚያ ድረስ ልማድ የሸፈነው ጉድለት ስለሚገለጥ ነው።

በኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ከአገሪቱ ስላልጠፋ፣ ባሕርዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ሁሉ ቶሎ በእብደት ይጠረጠራል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ለውሻም ለሰውም ገዳይ ነውና። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። እብደትንና እርጅናን ከሚለዩት ነገሮች አንዱ ጊዜ ነው፦ የእብደት ምልክት ያሳየ ውሻ ብዙውን ጊዜ 10 ቀን ሳይሞላው ይሞታል፤ በእርጅና የተደናገረ ውሻ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይኖራል። ስለዚህ ክትባቱን የወሰደ፣ ማንንም ያልነከሰ፣ ግቢ ውስጥ ታስሮ ሊታይ የሚችል ሽማግሌ ውሻ በጥርጣሬ ብቻ ሲገደል፣ ፍርዱ የተሰጠው ምርመራ ሊመልሰው በሚችል ጥያቄ ላይ ነው።

የበለዓም አህያና የዳርዊን ውሻ

ባዶ ቦታ ላይ የሚጮኽ እንስሳ በሰው ዘንድ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም ሲሰጠው ኖሯል። የመጀመሪያው እንስሳው ከሰው የተሰወረ ነገር ያያል የሚለው ነው። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ሌሊት የሚያላዝን ውሻ የሞት ምልክት ተደርጎ ይታያል። በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ ውስጥም ሌሊት የውሻ ጩኸትና የአህያ ማናፋት የሰማ ሰው በአላህ እንዲጠበቅ የሚያዝ ሐዲስ አለ፤ ምክንያቱ እንስሳቱ ሰው የማያየውን ማየታቸው ነው።

የዚህ አስተሳሰብ ጥንታዊ ምሳሌ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 የሚገኘው የበለዓም አህያ ታሪክ ነው። አህያዪቱ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ አይታ መጀመሪያ ከመንገድ ወጣች፣ ቀጥላ ወደ ግንብ ተጠግታ የጌታዋን እግር አጣበቀች፣ በመጨረሻም ከሥሩ ተኛች። መልአኩን ያላየው በለዓም ሦስት ጊዜ መታት። አንደበቷ በተከፈተ ጊዜ ያቀረበችው መከራከሪያ ያየችውን ነገር መግለጽ አይደለም፤ የኖረችበትን ጠባይ ማስታወስ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ አድርጋ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችው፣ እሱም እንደማታውቅ አመነ። መልአኩም አስቀድሞ የጠየቀው ስለ ድብደባው ነበር።

ይህ መከራከሪያ መልአክ በሌለበትም ይሠራል። ለዓመታት ታማኝ ሆኖ የኖረ እንስሳ ጠባዩ ሲለወጥ፣ ለውጡ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ከጥጋብና ከእልህ በፊት ሌላ ምክንያት መፈለግን ያስገድዳል። የእንስሳት ሐኪም በምርመራው መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ውሻው ቀድሞ ምን ዓይነት እንደነበረና ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠ፣ ያው አህያዪቱ ያነሣችው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ትርጉም እንስሳው የሌለ ነገር ያያል የሚለው ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው ስለ ሰው አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፉ የራሱን ውሻ ምሳሌ ጠቅሷል። ጸጥ ባለ ሞቃት ቀን ሣር ላይ የተዘረጋ ጃንጥላ በስሱ ንፋስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ውሻው ያጉረመርምና ይጮኽ ነበር። ዳርዊን ውሻው የሚያንቀሳቅስ ሰው ሳይታይ የሚንቀሳቀስን ነገር አይቶ፣ የማይታይ ሕያው እንግዳ በአካባቢው አለ ብሎ ደምድሞ ይሆናል አለ። ይህንንም የሰው ልጅ በመናፍስት ማመን ከጀመረበት ዝንባሌ ጋር አያያዘው። በዚህ አረዳድ የውሻው ፍርሃት ስለ ዓለም የሚነግረን ነገር የለም፤ ስለ ፈሪው አእምሮ ግን ይነግረናል።

ሁለቱ ትርጉሞች በተቃራኒ ቢቆሙም የጋራ ጉድለት አላቸው። ሁለቱም የሚያተኩሩት ውሻው የሚፈራው ነገር አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ነው። ፍርሃቱ ራሱ፣ ውሻው ውስጥ ያለው፣ ከጥያቄው ይወጣል።

ፍርሃት ወይስ የፍርሃት መልክ?

ውሻው ውስጥ ምንም የሚሰማ ነገር የለም የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ጊዜ ከሬኔ ዴካርት ጋር ይያያዛል። ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው የዘዴ ድርሰቱ የእንስሳትን ሥራ ሁሉ እንደ ሰዓት በመሰለ መካኒካዊ አሠራር ማስረዳት እንደሚቻል ተከራከረ፤ ዋናው ማስረጃው እንስሳት ሐሳብን በንግግር አለመግለጻቸው ነው። ዴካርት ራሱ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ለእንስሳት የነፈገው ሐሳብን እንጂ ሕይወትንና ከአካል የሚመነጭ ስሜትን እንዳልሆነ ገልጿል። ተከታዮቹ ግን ከዚያ አልፈው ሄዱ። የካቶሊክ ካህን የነበረው ኒኮላ ማልብራንሽ ሃይማኖታዊ ምክንያት ጨመረበት፦ ሥቃይ የኃጢአት ዋጋ ከሆነና እንስሳት ኃጢአት ካልሠሩ፣ ጻድቅ የሆነው አምላክ ንጹሕን ፍጡር አያሠቃይምና እንስሳት አይሠቃዩም። መከራከሪያው ለአምላክ ጽድቅ ጥብቅና የቆመ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን የሚንቀጠቀጠው ውሻ ነው።

በተቃራኒው ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. ከ1739 ጀምሮ በታተመው ስለ ሰው ተፈጥሮ በጻፈው ሥራው ለእንስሳት አእምሮ አንድ ምዕራፍ ሰጠ። ሰው የሌላውን ሰው ሐሳብ የሚያውቀው ከውጫዊ ድርጊቱ ተነሥቶ ነው፤ በተመሳሳይ ሁኔታ ተመሳሳይ ድርጊት የሚያሳይ እንስሳ ሲታይም ያው የአስተሳሰብ መንገድ ይሠራል። ከሰው ጋር ሲሆን የሚታመን፣ ከውሻ ጋር ሲሆን የሚጣል ማስረጃ ሊኖር አይችልም። ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ሌሊት ወፍ በጻፈው ታዋቂ ድርሰት ለዚህ ወሰን አበጀለት፦ እንስሳው የሚሰማው ነገር እንዳለ ማመን አንድ ነገር ነው፣ ያ ስሜት ከውስጥ ምን እንደሚመስል ማወቅ ሌላ። ውሻ ዓለምን በአብዛኛው በማሽተት የሚያውቅ ፍጡር ነው። የለመደው ሽታ ሲደበዝዝበት ምን እንደሚሰማው ሰው በራሱ ልምድ ሊለካው አይችልም።

የአንጎል ሳይንስ ክርክሩን አጥብቦታል፣ አልዘጋውም። ጃክ ፓንክሴፕ ፍርሃትን የሚያስነሡት የአንጎል ጥልቅ ክፍሎች በሰውና በሌሎች አጥቢ እንስሳት ዘንድ ተመሳሳይ ከመሆናቸው ተነሥቶ ስሜቱም የጋራ ነው አለ። ጆሴፍ ሌዱ በበኩሉ አደጋን ለይቶ አካልን የሚያስፈነጥረው የአንጎል አሠራርና ፈራሁ የሚለው ንቁ ስሜት አንድ እንዳልሆኑ ያስጠነቅቃል፤ የመጀመሪያው መኖሩ ለሁለተኛው ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 በካምብሪጅ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች አጥቢ እንስሳትና አዕዋፍ ለንቃት የሚያስፈልገው የነርቭ መሠረት እንዳላቸው የሚገልጽ የጋራ መግለጫ አወጡ። እርግጠኝነት ባይኖርም የማስረጃው ሚዛን ያጋደለው ወዴት እንደሆነ ከዚህ ይታያል። በሚያጠራጥር ጉዳይ ላይ ደግሞ ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይደሉም፦ የማይሠቃየውን ይሠቃያል ብሎ መንከባከብ ጥቂት ድካም ያስከፍላል፤ የሚሠቃየውን አይሠቃይም ብሎ መተው ግን ጭካኔ ነው።

ነገር የሌለው ጭንቀት

አሪስቶትል ፍርሃትን ይመጣል ተብሎ ከሚታሰብ ክፉ ነገር የሚመነጭ ሕመም አድርጎ ገልጾታል። በዚህ ትርጉም ፍርሃት ሁልጊዜ የሚፈራ ነገር አለው። ዴንማርካዊው ሶረን ኪርከጋርድ እ.ኤ.አ. በ1844 በጻፈው ስለ ጭንቀት በሚመረምረው መጽሐፍ ፍርሃትንና ጭንቀትን ለየ፦ ፍርሃት የተወሰነ ነገርን ይፈራል፣ ጭንቀት ግን የሚያመለክተው ነገር የለውም። እንስሳ መንፈስ ስላልሆነ ጭንቀት አይገኝበትም ሲልም ደመደመ።

ያረጀው ውሻ ለዚህ ድምዳሜ ፈታኝ ነው። ሌሊት የሚዞረው፣ የሚያለከልከውና የሚያላዝነው ውሻ የሚሸሸው ነገር በዙሪያው የለም። መብራት ሲበራለት ወይም ሰው ሲቀርበው ለጊዜው ይረጋጋል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ኪርከጋርድ የተናገረለት ጭንቀት ከነጻነትና ከኃጢአት ጋር የተያያዘ በመሆኑ የውሻው ጭንቀት ያው ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ነገር የሌለው ፍርሃት የሰው ብቻ መለያ ነው የሚለው ክፍል አይጸናም። ፍርሃት የሚያሳየው የውጭ አደጋን ብቻ አይደለም፤ ዓለምን የሚተረጉመው መሣሪያ ሲበላሽም ይነሣል። ግድግዳውን በግድግዳነቱ መለየት ያቃተው አንጎል የሚያየው ሁሉ ያልታወቀ ይሆንበታል፣ ያልታወቀ ነገርም ለእንስሳ አስፈሪ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው ስሕተት የሰውን ጭንቀት ሙሉ በሙሉ ለውሻ ማልበስ ነው፦ ሞቱ መቅረቡን አውቆ ነው፣ ያለፈ ዘመኑን እያሰበ ነው፣ ሊሰናበት ነው እየተባለ። ሉድቪግ ዊትገንስታይን እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው የፍልስፍና ምርምሩ ውሻ ጌታው እንዳይመታው ይፈራል ማለት የተለመደ ሲሆን፣ ነገ እንዳይመታው ይፈራል ማለት ግን እንግዳ እንደሚሆን አስተውሏል። ነገን የሚፈራ ነገን የሚያስብበት መንገድ ያስፈልገዋል። ሲ. ኤስ. ሉዊስም እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ሥቃይ በጻፈው መጽሐፍ የሕመሞች መፈራረቅንና መፈራረቃቸውን ማወቅን ለይቷል፤ ሁለተኛው ከሌለ ሥቃዩ እያንዳንዱ ቅጽበት ላይ ይቆማል፣ ተደምሮ አይታሰብም።

ይህ ልዩነት ሁለት ወገን አለው። ውሻው እየረሳ እንደሆነ አያውቅም፤ በሰው የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ላይ ያለው መራራ ኃፍረትና የመጪው ቀን ሥጋት ይቀርለታል። ዳሩ ግን የተደናገረ ሰው በረጋበት ሰዓት ስለ ሕመሙ ሊነገረው፣ ነገ እንደሚሻለው ሊጽናና ይችላል። ለውሻ እንዲህ ያለ መጽናኛ የለም። አሁን የያዘው ፍርሃት ያልፋል የሚል ሐሳብ ስለሌለው፣ ፍርሃቱ ባለበት ሰዓት ዓለሙን በሙሉ ይይዛል። እንስሳ ስለ ነገ አለማሰቡ ሥቃዩን ያቀልለታል የሚለው ልማዳዊ አስተያየት እውነትነቱ ግማሽ ብቻ ነው።

ያው ውሻ ነው ወይ?

ውሻው ጌታውን መለየት ሲያቅተው ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የሚለው ይህ የእኛ ውሻ አይደለም ነው። በሆሜር ኦዲሴይ ውስጥ ያለው አርጎስ ከ20 ዓመት በኋላ ጌታውን አውቆ ጭራውን የቆላ ሽማግሌ ውሻ ነው፤ ታማኝነት ከማስታወስ ጋር ተጣብቆ መታየቱ የቆየ ነው። ማስታወስ ሲጠፋ ታማኙም የጠፋ ይመስላል።

ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 በመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ በጨመረው ስለ ማንነት በሚናገር ምዕራፍ ለሰውነትና ለእንስሳነት የተለያየ መለኪያ አስቀመጠ። የአንድ ሰው ማንነት በንቃተ ሕሊናና በማስታወስ ይቀጥላል፤ የአንድ እንስሳ ማንነት ግን በተደራጀ አካል ውስጥ በሚቀጥል አንድ ሕይወት ነው። በዚህ መለኪያ የረሳው ውሻ ያለ ጥርጥር ያው ውሻ ነው። ከዚህም ተግባራዊ ነገር ይከተላል፦ ቀድሞ ለነበረው ውሻ የተገባው ውለታ አሁን ላለው ይተላለፋል። በሩን ለ12 ዓመት የጠበቀው ይኸው ሕይወት ነው፤ ጠባዩ ሲከፋ ዕዳው አይሰረዝም።

የሰው ዕዳ

የሃይማኖት መጻሕፍት ለእንስሳ ነፍስ ፍጻሜ ቁርጥ ያለ መልስ ባይሰጡም ስለ ሰው ግዴታ ግልጽ ናቸው። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 3 የሰውና የእንስሳ ፍጻሜ አንድ መሆኑን ካነሣ በኋላ መንፈሳቸው ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል ብሎ ይተወዋል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 ግን ለእንስሳው ነፍስ መራራትን የጻድቅ ሰው ምልክት ያደርገዋል። የአይሁድ ሕግ ሕያዋን ፍጥረታትን ማሠቃየትን ይከለክላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ባለው መጽሐፈ ጦቢት፣ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻው አብሮ ይከተላል። ቁርኣን በ6ኛው ሱራ በምድር ያሉ እንስሳትን እንደ ሰው ያሉ ማኅበረሰቦች ይላቸዋል፤ በ18ኛው ሱራም የዋሻው ሰዎች ከነውሻቸው ይጠቀሳሉ። በቡኻሪ ሐዲስ ደግሞ በጥም የሚያለከልክ ውሻ አይቶ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ ይቅር ተብሎለታል። ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር መከልከሉ፣ በአንዳንድ የእስልምና የሕግ መንገዶችም ምራቁ ርኩስ መባሉ የሥርዓተ ንጽሕና ጉዳይ ነው፤ ርኅራኄን የሚሽር ፍርድ አይደለም።

ፈላስፋው ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ለግዴታ መነሻ የሚሆነው እንስሳው ማሰብ ወይም መናገር መቻሉ ሳይሆን መሠቃየት መቻሉ ነው ሲል ተከራከረ። ይህ መለኪያ ለሽማግሌው ውሻ በቀጥታ ይሠራል። የሚፈራው ነገር እውነት ባይሆን እንኳ ፍርሃቱ እውነት ነው፤ የሚታከመውም ፍርሃቱ ነው። ስለዚህ ግዴታው ሁለት ደረጃ ይኖረዋል። የመጀመሪያው ምክንያት መፈለግ ነው፦ እርጅና ነው ብሎ ሳያልፉ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ጥርሱን፣ መገጣጠሚያውን፣ ደሙንና ሽንቱን ማስመርመር። ሁለተኛው ምክንያቱ ሊወገድ ባይችል ፍርሃቱን ማቅለል ነው። ለዚህ የሚረዱት ነገሮች ቀላል ናቸው፦ ዕቃዎችን ከቦታቸው አለማንቀሳቀስ፣ የምግብና የመውጫ ሰዓትን አለመለወጥ፣ ሌሊት ትንሽ መብራት መተው፣ የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ መዘርጋት፣ ከፊት በኩል በዝግታ መቅረብ፣ ልጆችን ከድንገተኛ ንክሻ መጠበቅ። ሐኪም ለሕመሙ ማስታገሻ፣ ለመርሳቱም እንደ ሴሌጂሊን ያለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። በቢግል ዝርያ ውሾች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በተስማሚ ምግብ ላይ እንቅስቃሴና አእምሮን የሚያሠራ ጨዋታ ሲጨመር የመማር ችሎታቸው መውደቅ እንደሚዘገይ አሳይተዋል። ቅጣት ግን የበለዓምን ስሕተት መድገም ነው፤ የተቀጣበትን ምክንያት የማያውቅ ውሻ የሚማረው ሌላ ፍርሃት ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ሕክምናም እንክብካቤም ካልረዳ ሕይወቱን በመድኃኒት ያለ ሥቃይ ማሳረፍ ይገባል ወይ የሚለው ነው። ቤንታም እንስሳ ለመጪው ጊዜ የተዘረጋ ሥጋት ስለሌለው ፈጣን ሞት እንደማይጎዳው ያምን ነበር። የሚቃወሙት ደግሞ ሕይወት የአምላክ ስጦታ በመሆኑ ሰው ለድካሙ ማረፊያ ብሎ ሊቆርጠው አይገባም ይላሉ። በሁለቱ መካከል ሊታለፍ የማይገባ ጥያቄ አለ፦ የሚወገደው የማን ሥቃይ ነው? ውሻው ምግቡን በደስታ የሚበላ፣ ሲዳሰስ የሚረጋጋ፣ ፍርሃቱም አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ፣ ሊገላገል የፈለገው እንቅልፍ ያጣው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ቀኑም ሌሊቱም ድንጋጤ ከሆነበት፣ ማንም ሊያረጋጋው ካልቻለ፣ ሕመሙም ከማስታገሻ በላይ ከሆነ ደግሞ፣ እሱን አጥቶ ላለመጎዳት ማቆየት የባለቤቱን ፍርሃት በውሻው ላይ መጫን ይሆናል። ውሳኔው ትክክል መሆኑን ውሻው ሊመሰክር ስለማይችል፣ ኃላፊነቱ የሚመዘነው መልካሞቹ ቀናት ከክፉዎቹ ጋር በታማኝነት ተነጻጽረው በመታየታቸው ነው።